ሲጠብቅ የሚደርቅ፣ ሲላላ የሚላወስ ሴንጢ፦ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነውን?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ኩሽኔታ ያለው ታጣፊ ሴንጢ አለኝ። አዲስ ሳለ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ተስፈንጥሮ ይከፈት ነበር። አሁን ሲከፈትም ሲዘጋም ይሻክራል። የመሃሉን ብሎን ሳጠብቀው ስለቱ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ሳላላው ደግሞ ግራና ቀኝ ይላወሳል፤ መካከለኛ ቦታ አጣሁለት። ዘይት ሳደርግለት ለሁለት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ይብስበታል። ኩሽኔታው አልቆ ይሆን? በሴራሚክ ብይ ልቀይረው ወይስ በነሐስ ሮንዴላ (መሃሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ቀለበት)? በየስንት ጊዜውስ መፈታት አለበት?»

የነገሩን ግማሽ መልስ ራስዎ ጽፈውታል። ዘይት ሲገባ መሻል፣ ሲሰነብት መባስ የቆሻሻ ጠባይ ነው። ዘይቱ ብዮቹ መንገድ ላይ የተኛውን ብናኝ ለጊዜው ገፋ አድርጎ ያንሳፍፈዋል፤ ከዚያ ከኪስ የሚመጣ የጨርቅ ብናኝ ይጨመርበትና ሁሉም ተቦክቶ ተመልሶ ይቀመጣል። እርስዎ ደግሞ እንደገና ዘይት ይጨምራሉ። እኔ ዘንድ ከሚመጡት ሴንጢዎች አብዛኞቹ በዘይት እጦት ሳይሆን በዘይት ብዛት የታመሙ ናቸው። ስለዚህ ብዮቹን ለጊዜው ከተጠርጣሪነት ያውጧቸውና ብዮቹ የሚሮጡበትን ወለል ይመርምሩ። ምክንያቱን ለማየት ግን እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

በስለቱ ግርጌ ያለውን ቀዳዳ አቋርጦ የሚያልፈው ዘንግ ፔርኖ ነው። ስለቱ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። ኩሽኔታዎቹ ሁለት ሲሆኑ አንዱ ከስለቱ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ ፔርኖውን ከበው በስለቱና በእጀታው መካከል ይተኛሉ። እያንዳንዱ ስስ የፕላስቲክ ወይም የነሐስ ቀለበት ነው፤ በቀለበቱ ዙሪያ በተበሱት ቀዳዳዎች ውስጥ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ብዮች ተደርድረዋል። ቀለበቱ ብዮቹን አራርቆ ከመያዝ በቀር ምንም ክብደት አይሸከምም፤ ሸክሙ የብዮቹ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። እነዚህ ኩሽኔታዎች እንደ መኪና ጎማ ኩሽኔታ ዘንጉን አቅፈው የሚያሽከረክሩ አይደሉም። የሚሸከሙት ከጎን የሚመጣውን ግፊት ብቻ ነው። የስለቱ ቀዳዳ ከፔርኖው ጋር የሚገናኘው ያለ ምንም ብይ፣ ብረት ለብረት እየተፋተገ ነው። ስለዚህ የደረቀ ወይም የዛገ ፔርኖ እጅግ ንጹሕ በሆነ ኩሽኔታ ላይም ሊያሻክር ይችላል፤ ኩሽኔታውን ሦስት ጊዜ አጥበው ፔርኖውን ሳይነኩ የሚገጥሙ ሰዎች ለምን እንዳልተሻላቸው ይገርማቸዋል።

አሁን ወደ «መካከለኛ ቦታ አጣሁለት» ወዳሉት እንምጣ፤ ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ይኸው ነው። ትንሽ ስሌት እንሥራ። ብሎንዎ በአንድ ሙሉ ዙር 0.5 ሚሊሜትር የሚሄድ ነው እንበል፤ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መደበኛ ብሎን ልኩ ይኸው ነው። የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በአምስት ደቂቃ የሚጓዘውን ያህል ብቻ ቢያዞሩት በእጀታው ሁለት ጎኖች መካከል ያለው ክፍተት በ0.04 ሚሊሜትር ይጠባል ወይም ይሰፋል። ብዮቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 10 ሚሊሜትር፣ ስለቱ ደግሞ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ቢኖረው ያ ክፍተት ጫፉ ላይ ስምንት እጥፍ ሆኖ ይታያል፤ 0.3 ሚሊሜትር ያህል መላወስ ማለት ነው። ይህ በእጅ በግልጽ ይታወቃል። እንግዲህ በልክ የተስተካከለ ሴንጢ የሚኖረው በጣም ጠባብ በሆነ የክፍተት ልክ ውስጥ ነው። አንዲት የደቀቀች የአሸዋ ቅንጣት 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ይኖራታል፤ ከዚያ ልክ በእጥፍ ትበልጣለች። ቅንጣቷ ብይ ሥር ስትገባ ስለቱ ይታነቃል፤ ብሎኑን አላልተው ቦታ ሲለቁላት የቀሩት ብዮች ወለሉን ይለቃሉ፤ ስለቱ መላወስ ይጀምራል። ጠፋ ያሉት መካከለኛ ቦታ የጠፋው በእሷ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል ያልሁት ሌላም ተጠርጣሪ ስላለ ነው፤ እሱም በወለሉ ላይ የተፈጠረ ስርጉድ ነጥብ ነው። ሁለቱን ሳይፈቱ የሚለዩበት መንገድ አለ። ሴንጢውን በአንድ እጅ ይያዙ፤ ስለቱን በሌላው እጅ ከጀርባው (ከስሉ ጠርዝ በተቃራኒው) ቆንጥጠው እጅግ በዝግታ ይክፈቱት፣ ይዝጉት። ዓይንዎን ቢጨፍኑ ይሻላል፤ ስሜቱን የሚያነበው ጣት ነው። መሻከሩ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እየዘለለ በየዙሩ ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ቆሻሻ ነው። ሁልጊዜ በዚያው ማዕዘን ላይ ያዝ አድርጎ የሚለቅ ከሆነ ግን ወለሉ ተሰርጉዷል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ስለቱ ሙሉ በሙሉ 180 ዲግሪ ሲዞር ብዮቹን የያዘው ቀለበት የሚዞረው የዚያን ግማሽ፣ 90 ዲግሪ ብቻ ነው። ብይ በሁለት ወለሎች መካከል ሲንከባለል ሁልጊዜ በተንቀሳቃሹ ወለል ግማሽ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ስምንት ብይ ባለው ቀለበት ላይ ብዮቹ በ45 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ በእጀታው ወለል ላይ አንድ ስርጉድ ነጥብ ቢኖር በአንድ መክፈት ውስጥ ሁለት ብዮች በየተራ ይወድቁበታል። ጣትዎ ሁለት መደናቀፍ ይሰማዋል፤ በመካከላቸውም የስለቱ መዞር 90 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ቀለበቱ አልፎ አልፎ ስለሚንሸራተት ልኩ ፍጹም አይሆንም፤ ሆኖም እንዲህ ያለ እኩል ርቀት ካገኙ ወለሉን መርምሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

የስርጉዱ ምክንያት የጥንካሬ ልዩነት ነው። የኩሽኔታ ብይ የሚሠራበት አረብ ብረት በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ60 በላይ ነው። የጥሩ ሴንጢ ስለትም ከ58 እስከ 62 ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ አይጎዳዱም። በብዛት ለእጀታ የሚውለው የታይታኒየም ቅይጥ ግን 36 ገደማ ነው፤ አሉሚኒየም ከዚያም ይለሰልሳል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ አምራቾች በእጀታው በኩል የተጠነከረ ስስ የብረት ሮንዴላ የሚያስቀምጡት። ብዮቹ በቀጥታ በታይታኒየም ላይ የሚሮጡበት አሠራርም አለ። እንዲህ ባለው ሴንጢ ላይ ብዮቹ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ለራሳቸው ስስ ፈለግ ይቀርጻሉ፤ ይህ ጉዳት አይደለም፣ እንዲያውም ካደረጉት በኋላ ሴንጢው ይለሰልሳል፤ ብሎኑን ግን ጥቂት ጠበቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ጉዳት የሚሆነው ፈለጉ እኩል የሆነ መስመር መሆኑ ቀርቶ ነጠላ ጉድጓዶች ሲታዩበት ነው።

ጉድጓዶቹን የሚሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ እጅ ነው። ቅድም ያየነውን ስምንት እጥፍ ያስታውሱ፤ መክፈቻ አጥተው ጫፉን የቀለም ጣሳ ክዳን ሥር ሲያስገቡና ወደ ጎን አምስት ኪሎ ሲገፉ ግርጌው ላይ አርባ ኪሎ ያህል በአንድ ወይም በሁለት ብዮች ላይ ያርፋል። ያች 1.5 ሚሊሜትር ብይ ወለሉን የምትነካው በአንዲት ነጥብ ነው። ሴንጢ መቁረጫ እንጂ መፈልቀቂያ አይደለም የሚባለው ስለ ስለቱ መሰበር ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ከስለቱ በፊት የሚጎዳው የኩሽኔታው ወለል ነው። ሁለተኛው ጥፋተኛ ብሎን የሚያጠብቅ ጠንካራ ክንድ ነው። መላወሱን ለማጥፋት ስለቱ እስኪታነቅ ድረስ ካጠበቁትና በዚያው አስገድደው ከከፈቱት የራስዎን ጉድጓድ ቆፍረዋል።

ከመፍታትዎ በፊት አንድ ሌላ ነገር ይለዩ። ስለቱ የሚላወሰው ግራና ቀኝ ነው ብለዋል፤ ይህ የፔርኖውና የኩሽኔታው ጉዳይ ነው። ከፍተው ከቆለፉት በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች ማለትም በሚታጠፍበት አቅጣጫ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን በአብዛኛው መቆለፊያው ወይም ስለቱ ተመትቶ የሚቆምበት ፒን ነው፤ የመሃሉን ብሎን ቢያጠብቁ ለውጥ አያመጣም፤ ብዙ ሰው ኩሽኔታውን ያበላሸው ይህን ሁለተኛውን መነቃነቅ በብሎን ለማዳን ሲታገል ነው። ሲዘጋ የመጨረሻው ጥቂት ዲግሪ ላይ ብቻ የሚሰማ መፋቅ ደግሞ ከኩሽኔታው ጋር አይገናኝም። መቆለፊያው ምላስ ላይ ያለች ትንሽ ብይ ስለቱ ተዘግቶ እንዲቆይ በግርጌው ላይ ወዳለች ቀዳዳ ትገባለች፤ ወደዚያ ስትሄድ የምትፍቀው መስመር ከደረቀ ይጮኻል። የአንድ መርፌ ጫፍ ዘይት ይበቃዋል።

አሁን ወደ መፍታቱ። አስቀድመው ሁለት ነገር ያረጋግጡ፤ አምራቹ መፍታትን የዋስትና መሰረዣ አድርጎት እንደሆነ፣ እንዲሁም ሴንጢው በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል የሚከፈት ዓይነት እንዳይሆን። ሞላ ያለበትን ከሆነ አሠራሩን ሳያውቁ አይንኩት፤ ሞላው ተስፈንጥሮ ይጠፋል፣ ወይም ስለቱ እጅዎ ላይ ይከፈታል። ተራው ዓይነት ከሆነ ስሉን ጠርዝ በወፍራም ፕላስተር ጠቅልሉት። ጠርዝ ያለው ሰሐን ወይም ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ይሥሩ፤ ብይ መሬት ላይ ከወደቀ አይገኝም። በአንዳንድ አሠራር ደግሞ ቀለበት የለም፤ ብዮቹ ልቅ ሆነው በተቆፈረ መስመር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እጀታው እንደተከፈተ ይበተናሉ።

የብዙ ሰው መከራ የሚጀምረው ከብሎኑ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ያለው ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ ቶርክስ ይባላል፤ ለፔርኖ ብዙ ጊዜ ቲ8 ወይም ቲ10፣ ለአካል ብሎኖች (የእጀታውን ሁለት ጎኖች ለሚያያይዙት) እና ለኪስ መንጠቆ ቲ6 ነው። ርካሽ ካቻቪቴ ጫፉ ለስላሳ ስለሆነ ኮከቡን ያንሸዋርረዋል፤ ጥሩ ጫፍ ያለው አንድ ካቻቪቴ ከአንድ ሴንጢ ዋጋ ያድንዎታል። ወደ ውስጥ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ፤ የማዞሩ ኃይል ከመጫኑ ኃይል አይብለጥ። እንቢ ካለ ጥርሱ ላይ ማጣበቂያ አለ ማለት ነው፤ በጉልበት አይሂዱበት። የኤሌክትሮኒክስ መበየጃ ጫፍ ብሎኑ ጭንቅላት ላይ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፉና ሙቀቱ ወደ ጥርሱ ይውረድ፤ ከዚያ ሞቅ እያለ ይሞክሩ። የፕላስቲክ ወይም የእንጨት እጀታ ከሆነ መበየጃው ሌላ ነገር እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ብሎኑ ዝም ብሎ ካቻቪቴውን ተከትሎ የሚዞር ከሆነ ፔርኖው ራሱ አብሮ እየዞረ ነው። በርካታ ፔርኖዎች አንዱ ጎናቸው ጠፍጣፋ ሆኖ እንዳይዞሩ ይሠራሉ፤ ጠፍጣፋው የሌለው ዓይነት ግን በሌላው ጎን በኩል ሌላ ካቻቪቴ ይፈልጋል፤ ሁለቱን በአንድነት ይዞ መፍታት ነው።

እጀታውን ሲያነሡ ከምንም በፊት ፎቶ ያንሱ። ፎቶው የሚያስፈልገው የቀለበቱን ፊት ለማወቅ ነው። በብዙ ቀለበቶች ላይ ብዮቹ በአንድ በኩል ወጣ ብለው ይታያሉ፤ በሌላው በኩል ግን ጥቂት ብቻ ብቅ ይላሉ። አገልብጠው ከገጠሙት ስለቱ በብይ ላይ መንከባለሉን ትቶ በቀለበቱ ፕላስቲክ ላይ ይፈጫል፤ የሚሻክርና የሚታነቅ ሆኖ ይቀራል። የሌላ ሰው እጅ ያየ ሴንጢ ከሆነ ይህንም ይጠርጥሩ፤ የእርስዎን ምልክቶች ይህ ብቻውን ሊያመጣቸው ይችላል። ግራና ቀኙን ኩሽኔታ ደግሞ አያደባልቁ፤ በየጎናቸው ያስቀምጧቸው። በእጀታው ጎድጓዳ መቀመጫ ውስጥ የብረት ሮንዴላ ካለ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል በስቴኪኒ ፈልቅቀው ያውጡት። ሥሩ የተደበቀ ቆሻሻ ሮንዴላውን በአንድ በኩል አንሥቶ ሊያጋድለው ይችላል፤ የተጋደለ ሮንዴላ ላይ ብዮቹ በግማሽ ዙር ተጨንቀው በግማሽ ዙር ይለቃሉ። ይህ ከላይ ሆነው የሚያጥቡ ሰዎች ፈጽሞ የማይደርሱበት ቦታ ነው።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። አስቀድሞ ሳሙና ያለበት ሞቅ ያለ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ አይሶፕሮፒል አልኮል። አሴቶን አይጠቀሙ፤ ናይለንን ባይነካም ሌሎች የፕላስቲክ ዓይነቶችን ይበላል፤ ቀለበትዎ ከምን እንደተሠራ ደግሞ በዓይን አይለይም። ቀለበቱን ይዘው እያንዳንዷን ብይ በጣት ሥር ያሽከርክሯት፤ የማትዞር፣ የጎደለች ወይም የዛገች ካለች፣ ወይም ፕላስቲኩ ላይ ስንጥቅ ካለ ማጽዳት አያድነውም። አንዲት ብይ ብትጎድል ጎረቤቶቿ ሸክሟን ይጋራሉ፣ የሴንጢውም ለስላሳነት ያን ያህል አይጓደልም፤ ግን ወለሉ በዚያ በኩል ቶሎ ያረጃል። ስለ ዝገት ሲነሣ፣ ስለቴ የማይዝግ ነው ብለው አይተማመኑ። በኩሽኔታ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ብይ 1.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ብቻ ያለው አረብ ብረት ነው፤ ላለመዛግ ከ10 በመቶ በላይ ያስፈልጋል። ከላይ ያበራል፣ ከውስጥ ቡናማ ይሆናል። ሴንጢው ጨው ውሃ ከነካው በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይንካው።

ቀጥሎ ወለሎቹን ይመልከቱ። ብርሃን በአግድም እንዲያርፍበት አድርገው በማጉያ መነጽር ቢያዩት የብዮቹ ፈለግ ይታያል። ስስ፣ አብለጭላጭና እኩል የሆነ መስመር ከሆነ ይተዉት። በዓይን ያልታየውን ጥፍር ያገኘዋል፤ በፈለጉ ላይ ጥፍርዎን ቀስ አድርገው ሲያሳልፉ የሚያዘው ቦታ ካለ ስርጉዱ እሱ ነው። በመስመሩ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ጉድጓዶች ካዩ ስለቱ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ብዮቹ ከሚቆሙበት ቦታ ጋር ይገጥሙ እንደሆነ ያስተያዩ፤ ስለቱን በኃይል እያላተሙ የሚከፍቱ ሰዎች ወለሉን የሚጎዱት እዚያ ነው።

ጉድጓድ ላለበት ወለል አራት መውጫ አለ። ተነሣሽ የብረት ሮንዴላ ላይ ከሆነ ገልብጡት፤ ሌላው ፊቱ አዲስ ነው፤ ከዚህ የሚቀል ጥገና አላውቅም። ሮንዴላው ሁለቱም ፊቱ ከተጎዳ ይቀየር። ሮንዴላ በሌለበት ታይታኒየም ላይ ጥቂት ጉድጓድ ካለ ጠርዛቸውን ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ይተዉት፤ ከፍ ብሎ የወጣው ከንፈር ነው የሚያደናቅፈው፣ የጉድጓዱ ሥር አይደለም። ወለሉን በሙሉ ለማስተካከል ግን አይሞርዱ፤ ጥልቀቱ ሲቀየር ክፍተቱ ይበላሻል፣ መላወሱ ይወለዳል። ብዙ ከተጎዳ ለአምራቹ ይላኩት።

አሁን ዘይት። ቀጭን፣ በመርፌ አፍ የሚንጠባጠብ የማዕድን ዘይት፤ ለእያንዳንዱ ኩሽኔታ አንድ ጠብታ፣ ለፔርኖው ስስ ቅብ። ከዚያ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ ነው። ግራሶ ረጅም ዕድሜ አለው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፤ ግን ኪስ ውስጥ የጨርቅ ብናኝን እንደ ግራሶ የሚሰበስብ የለም። እንዲሁም ብዮቹ የሚመላለሱት በዚያችው ሩብ ዙር ላይ ስለሆነ ሙሉ ዙር አይዞሩም፤ የተገፋ ግራሶ ወደ መንገዳቸው አይመለስም፣ ዳር ላይ ተከምሮ ይቀራል። የምግብ ዘይት ፈጽሞ አይሁን፤ ከአየር ጋር ተዋህዶ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ሴንጢዎ ምግብ የሚቆርጥ ከሆነ ለምግብ የተፈቀደ ነጭ የማዕድን ዘይት ይበቃል። ደብሊውዲ-40 የሚባለው መርጨት በ1953 ውሃን ለማባረር የተሠራ ነው፤ የተጣበቀ ቆሻሻን ለማለስለስ ደኅና ነው፤ ነገር ግን እየተነነ ስለሚሄድ ሲያጸዱበት ጥረጉት፣ ከዚያ እውነተኛውን ዘይት ያድርጉ። የመቆለፊያው ምላስና ስለቱ የሚገናኙበት ፊት ላይ ዘይት እንዳይደርስ ይጠንቀቁ፤ እዚያ መንሸራተት አይፈለግም፣ ጣትዎ ሥር የሚዘጋ ስለት ሊሆን ይችላል።

ሲገጥሙ የመጀመሪያው ሥራ የብሎን ማጣበቂያ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚመጣውም እዚህ ነው። የመሃሉን ብሎን ያለ ማጣበቂያ ከገጠሙት በእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት ጥቂት በጥቂት ይፈታል። ሰማያዊው፣ መካከለኛ የሚባለው ይበቃል፤ ቀዩን አይሞክሩ፤ ያለ ከባድ ሙቀት አይፈታም። የጥርሱን የመጀመሪያ ዙሮች በስቴኪኒ ጫፍ ነካ ያድርጉት እንጂ አይንከሩት። የተረፈው ወደ ኩሽኔታው ቢወርድ ብዮቹን ከመያዙ ሌላ አንዳንድ የፕላስቲክ ቀለበቶችን ይሰነጥቃል። ጥርሱ ከዘይት ነጻ እስኪሆን በአልኮል ይጥረጉት፤ ማጣበቂያው ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ አይመርምሩት፣ በተለይ ደጋግመው አይክፈቱት፤ ልኩን አስቀድመው ያግኙ፤ ከዚያ ያስቀምጡት።

ልኩን ለማግኘት አካል ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስገቧቸው። ፔርኖውን ቀስ እያሉ ያጥብቁ፤ ስለቱ በቀላሉ የማይወርድበት ደረጃ ሲደርስ ከላይ ያልሁትን የአምስት ደቂቃ ቆጣሪ ያህል ወደኋላ ይመልሱት። ስለቱን ግማሽ ከፍተው ጫፉን ግራና ቀኝ ይግፉት፤ እየተላወሰ ከሆነ ከዚያች በግማሽ ያህል ያጥብቁ። የሚፈልጉት ስለቱ ለስላሳ ሆኖ መላወሱም የማይሰማበት ነጥብ ነው። በአንዳንድ ሴንጢ ፔርኖው ርዝመቱ ክፍተቱን ስለሚወስን ብሎኑ እስከ መጨረሻው ተጠብቆ መቆም አለበት፤ እንዲህ ባለው ላይ እስከ ጫፍ ሲያጠብቁት ከታነቀ ሮንዴላ ሥር የቀረ ቆሻሻ ወይም የተገለበጠ ቀለበት አለና መልሰው ይፍቱት። ልኩ ከተገኘ በኋላ አካል ብሎኖቹን አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት እያሉ በየተራ ያጥብቁ፤ አንዱን ብቻ ጨርሰው ካጠበቁ እጀታው ይጣመማል፣ ስለቱም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ብዙዎች ስለታቸው ሲዘጋ ወደ አንዱ ጎን ሲጠጋ ኩሽኔታውን ይወቅሳሉ፤ አካል ብሎኖችን አንድ በአንድ ላልቶ በየተራ ማጥበቅ በርካታዎቹን ያስተካክላቸዋል።

ከሴራሚክና ከነሐስ ጥያቄዎ አንዱን በአጭሩ፣ ሌላውን ትንሽ በሰፊው ልመልስ። ሴራሚክ ብይ አይዝግም፤ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ወይም ላብ ለሚበዛበት ሰው ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከአረብ ብረት እጅግ ይጠነክራል፤ ወለልዎ ለስላሳ ከሆነ ስርጉዱን አይከላከልም፤ ይልቁንም ጉዳቱ ለወለሉ ይተላለፋል። የተጎዳ ወለል ላይ አዲስ ሴራሚክ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። የነሐስ ሮንዴላ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሰፊ ፊት ለሰፊ ፊት ስለሚተኛ ጎን ግፊትን በትልቅ ስፋት ያካፍላል፤ በጠቅላላው ቆሻሻን ከኩሽኔታ ይልቅ ይችላል፤ ባሠሩት ቁጥር ይለሰልሳል። ፍጥነት ግን አይሰጥዎትም፤ አሸዋና እንጨት ለሚነካ ሥራ ግን እኔ ነሐሱን እመርጣለሁ። ችግሩ እንዲሁ ለመቀየር የማይቻል መሆኑ ነው። ኩሽኔታ ያለው ሴንጢ ለ1.5 ሚሊሜትር ብይ የሚሆን ጉድጓድ ተቆፍሮለታል፤ ስስ ነሐስ እዚያ ብታስቀምጡ ወለሉ ላይ ይሰምጣል፣ ስለቱም በእጀታው ላይ ይፋቅና ይላወሳል። ውፍረቱ በልክ የሚሠራልዎ ሰው ካላገኙ አይሞክሩት።

በየስንት ጊዜው ላሉት፣ የቀን ቆጠራ አልሰጥዎትም። ኪስ ውስጥ የሚውል ሴንጢ በሳምንት አንድ ጊዜ አየር ተነፍቶበት ብናኙ ይውጣ፤ መሻከር ሲጀምር ብቻ ይፈታ። የማይሻክረውን ሴንጢ መፍታት የብሎኑን ኮከብ ያለ ምክንያት ማበላሸት ነው። አሁን ያለዎትን ግን ዘይት ከመጨመር ይልቅ ይፍቱት፤ መጀመሪያ ሮንዴላው ሥር፣ ቀጥሎ የቀለበቶቹን ፊት፣ ከዚያ ወለሉን በጥፍር። ለሁለት ቀን ብቻ የሚሻለው ሴንጢ ከሆነ ጥፋቱን ሮንዴላው ሥር የማግኘትዎ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ቀለበቱ ተገልብጦም ካገኙት አይግረምዎት።